የክራንክ ፑሊ ከመቀየራችሁ በፊት

ሞተሩ ቶሎ እንዲፈጥን ብላችሁ ክብደቱ የቀለለ የክራንክ ፑሊ (በሞተሩ ዋና ዘንግ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ተገጥሞ ቺንጋውን የሚያዞረው ክብ ብረት) ልትገጥሙ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የነበረውን በስልክ መብራት እዩት። በመሃሉና ቺንጋው በሚያርፍበት ጠርዝ መካከል የጎማ ቀለበት ካለው ተዉት። ያ ክብደት ዝም ብሎ የተጫነ አይደለም። ሲሊንደሮቹ በተኮሱ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱን የሚጠመዝዘውን ንዝረት የሚውጠው እሱ ነው። ያለ እሱ ክራንክ ሻፍቱ ውሎ አድሮ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጎማ የሌለው ወጥ ብረት ከሆነ ማቅለሉ ያን ያህል አያሰጋም። የክቡን ስፋት (ዲያሜትሩን) ግን አትንኩ! የ15 ሴንቲ ሜትሩን በ12 ብትተኩት ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ በ20 በመቶ ቀስ ብሎ ይዞራል። ትንሽ ጉልበት ይተርፋል፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ ሲሠራ) ግን ባትሪው በደንብ አይሞላም።

አሳንሳችሁ ከሆነ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የፊት መብራትና ፋን ክፈቱና ባትሪውን በቴስተር ለኩ። ከ13 ቮልት በታች ከወረደ የድሮውን መልሱ።