ከሻንጣው በፊት ውሉ፦ ክለብ እየቀያየረ በውጭ ለሚጫወት አጥቂ

በ12 ዓመት ውስጥ 8 ክለብ ቀያይሬያለሁ። ኮከብ አልነበርኩም። በአንድ የውድድር ዓመት ካገባሁት ትልቁ 14 ጎል ነው፤ ትንሹን ባልናገር ይሻላል። ታናናሾቼ እየደወሉ «ከውጭ ጥሪ መጣልኝ፣ ምን ላድርግ?» ሲሉኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ መጀመሪያ ውሉን ላክልኝ።

አጥቂ ቶሎ ይፈርማል። ጎል ሲጠፋ ስልኩም እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ ይቸኩላል። እኔም የመጀመሪያ ውሌን የፈረምኩት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው። ቁጥሩ ከግብር በፊት መሆኑን ያወቅሁት የመጀመሪያው ደመወዝ ሲገባልኝ ነበር። ስለዚህ «ከግብር በኋላ እጅ የሚገባ» የሚል ቃል ይኑርበት። ቤቱም የአውሮፕላን ትኬቱም ይጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ቡድኑ ከሊጉ ከወረደ ደመወዝህ እንዲህ ይቀነሳል የምትል መስመርም ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ የምትደበቀው መጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ሊጉ የውጭ ተጫዋቾችን ቁጥር የሚገድብ ከሆነ ደግሞ እንደምትመዘገብ በውሉ ይስፈርልህ። ያልተመዘገበ ተጫዋች ሳምንቱን ሙሉ ይሮጣል፣ ጨዋታውን ግን ከተመልካች ጋር ነው የሚያየው።

የሕክምና ምርመራው ከፊርማ በፊት ይለቅ። በፊፋ ደንብ የውል መጽናት በምርመራ ውጤት ወይም በሥራ ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይችልም። «ፈርም፣ ጉልበትህን ነገ እናያለን» ሲሉህ ደንቡ ካንተ ጋር ነው፤ ግን ምን አከራከረህ? ቀድመህ ተመርመር።

ወኪልህ የፊፋ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጥ። ከ2 ዓመት በላይ የሚያስርህ የውክልና ውል አትፈርም፤ ደንቡም አይፈቅድም። «ለሙከራ አስቀድመህ ክፈል» ካለህ ስልኩን ዝጋው።

ውልህ ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መፈረም ትችላለህ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። በአንድ የውድድር ዓመት ለ3 ክለብ መመዝገብ ይፈቀዳል፤ በይፋዊ ጨዋታ የምትሰለፈው ግን በመደበኛው ለ2 ብቻ ነው። አንዴ በሁለተኛው ክለብ በዋንጫ ጨዋታ ተቀይሬ 5 ደቂቃ ተጫወትኩ። በዚያች 5 ደቂቃ የተነሳ የተሻለው ጥሪ አመለጠኝ።

ወደ ዋናው ልግባ፤ ደመወዝ ሲቀር። ሦስተኛው ክለቤ ሁለት ወር አልከፈለኝም። ነገ ዛሬ እያሉ ያመላልሱኛል። አንድ ቀን ተናድጄ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ክለቡ «ልምምድ ጥሎ ጠፋ» ብሎ እኔኑ ከሰሰኝ። ገንዘቡም ቀረ፣ ለወራትም ያለ ክለብ ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቡድኑ በሙሉ ያውቃል። ወረቀት ላይ ግን ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ።

ስድስተኛው ክለብ ላይ ያው ነገር ሲደገም አልጮህኩም። ደብዳቤ ጻፍኩ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የፊፋ ደንብ በግልጽ አስቀምጦታል። ክለቡ ያለ አግባብ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በጊዜው ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ይሰጣል። በዚያ ውስጥ ሙሉው ካልተከፈለ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የትኛው ወር፣ ስንት፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ፣ እስከ መቼ። ስድብ አይግባበት። በክለቡ ይፋዊ ኢሜይል ላከውና ቅጂውን ያዝ።

በእነዚያ 15 ቀናት ልምምድ እንዳትቀር። ከሁሉም ቀድመህ ድረስ። ለብቻህ ሩጥ ቢሉህም ሩጥ፣ ግን በየቀኑ ምን እንዳሠሩህ መዝግብ። የኔ ገንዘብ በ13ኛው ቀን ገባ። ባይገባ ኖሮ ጉዳዩን ወደ ፊፋ የክርክር ፈቺ ክፍል እወስደው ነበር። እዚያ ተጫዋች የክስ ክፍያ አይጠየቅም፤ 2 ዓመት ያለፈው ጉዳይ ግን አይታይም። በሀገሩ የተጫዋቾች ማኅበር ካለ ቀድመህ አማክረው፤ ሊጉ በጋራ ስምምነት የራሱን ደንብ አውጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሜዳ ላይስ? የሀገሬው ልጅ አምስት ጨዋታ ጎል ካጣ «ዕድል ራቀው» ይባላል። አንተ ካጣህ «ለምን አመጡት?» ነው። መድኃኒቱ ያለው ኳስ የሚያሻማልህ ልጅ እግር ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የመስመር ተጫዋቾቹን ለይ። ከልምምድ በኋላ አንዱን ያዝና 20 ኳስ አሻማልኝ በለው። ቋንቋ አያስፈልግም፤ ቅርቡን የጎል ቋሚ በጣትህ አሳየው። ጥሩ ሲልክ አውራ ጣትህን አንሳ፣ ሲያበላሽም አንሳ። እጁን እያወራጨ የሚያማርር አዲስ አጥቂ ሁለተኛ ኳስ አይመጣለትም። ከዚያ አምስት ቃል ተማር፤ «ሰው አለ»፣ «ዙር»፣ «ልቀቅ»፣ «ቆይ»፣ «የኔ»። እኔ ከእነዚህ በፊት የተማርኩት ስድብ ነበር፣ አልጠቀመኝም።

አሰልጣኝ ይባረራል፤ ይህን ከወዲሁ ቁጠረው። ያመጣህ ሰው ሲሄድ አዲሱ የራሱን አጥቂ ይዞ ይመጣል። በ29 ዓመቴ መስመር ላይ መጫወት ስለለመድኩ ብቻ ሁለት ጊዜ ተርፌያለሁ።

ክለብ መቀያየር ያሳፍራል የሚሉህን ደግሞ ተዋቸው። ኡራጓያዊው ሴባስቲያን አብሬው ከ25 በላይ ለሆኑ ክለቦች ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ጋና ላይ የመጨረሻዋን መለያ ምት በመሃል ቀስ አድርጎ የጨለፋት እሱ ነው። ያን ያህል ከተማ ሻንጣ የጎተተ ሰው በምን ይደነግጣል?

ከየክለቡ ስትወጣ ሦስት ወረቀት ያዝ፤ የደመወዝ ክፍያ ማስረጃ፣ የግብር ማረጋገጫ፣ የሕክምና ፋይል። እኔ ከአንዱ ክለብ የጉልበቴን ኤምአርአይ ሳልወስድ ወጣሁ። ክለቡ በዓመቱ ፈረሰ። የቀጣዩ ክለብ ሐኪም «ይህ ጉዳት የመቼ ነው?» ሲለኝ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። የ3 ዓመት ተብሎ የተነጋገርንበት ውል እዚያው ጠረጴዛ ላይ 1 ዓመት ሆነ።