ሳንቲም ፎቶ ስታነሱ መብራቱ ካስቸገራችሁ

ጅማ ውስጥ ከአያት ሳጥን የወጣ ጠገራ ብር ይዞ «ፎቶው ለምን እንዲህ ይሆናል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሌንስ መጥረግና ስልኩን ማስደገፍ ታውቃላችሁ። የምጽፈው ስለ መብራቱ ነው።

መሃሉ ነጭ፣ ዳሩ ጨለማ

አብዛኛው ሰው የሚያመጣው ችግር ይሄ ነው። ጠገራው ላይ በምስል ያለችው የማርያ ቴሬዛ ትከሻ ላይ ነጭ ብርሃን ይፈነዳል፣ ዙሪያው ያለው ጽሑፍ ደግሞ አይነበብም። ጠገራ የሚያውቅ ገዢ ራሷና ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል። ነጩ እዚያ ካረፈ ፎቶው ምንም አይጠቅመውም።

መንስኤው የብርሃን ማነስ አይደለም። ብር ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ መልሶ ያሳያል። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ ሳንቲሙን መትቶ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። እዚሁ ጅማ ሄርማታ አካባቢ ያለ አንድ ወዳጄ ነጩ አልጠፋ ባለው ቁጥር ጉልበት ያለው አምፖል ይገዛ ነበር። ነጩም አብሮ ይሰፋል። ቤቱ ሄጄ መብራቱን ከአናቱ ወደ ጎን ገፋሁት፤ በቃ። የትከሻዋ ጌጥ ፍሬ በፍሬ ወጣ።

ስለዚህ ፍላሹን አጥፉ። ስልኩን ከሳንቲሙ በላይ ቀጥ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁትና በዙም አቅርቡ። በጣም ከተጠጋ ስልኩ ራሱ መብራቱን ይጋርዳል። ሁለት አንድ ዓይነት የጠረጴዛ መብራት ውሰዱ። የግድግዳ ሰዓት ላይ 10 እና 2 ቁጥር ባሉበት አቅጣጫ አንድ አንዱን አስቀምጡ። ከዚያ ስክሪኑን እያያችሁ መብራቱን በጣት ስፋት፣ በጣት ስፋት ከፍና ዝቅ አድርጉ። ዝቅ ሲል ጥላው ይረዝማል፣ ጭረቱም ይጎላል። ከፍ ሲል የብሩ ማብረቅረቅ ይመጣል። ለተበላ ሳንቲም ዝቅ፣ ላልተበላ ከፍ።

ነጩ አሁንም አልሄድ ካለ በአምፖሉና በሳንቲሙ መሃል ስስ ነጭ ወረቀት አቁሙ። አታብዙት! ሳንቲሙን ዙሪያውን በወረቀት ከከበባችሁት ብሩ ደብዝዞ የእርሳስ ብረት ይመስላል። ወረቀቱም አምፖሉን አይንካ። የሚግል የድሮ አምፖል ወረቀት ያነዳል፤ በፍጹም አትጠቅልሉበት።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። ለፎቶ ብላችሁ ሳንቲም አትፈትጉ። በሎሚና በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ጠገራ ሲያመጡልኝ በጣም እናደዳለሁ። ጠቆር ያለው የዕድሜ ቀለሙ አንዴ ከተነሳ በቃ ሄደ። ፍተጋው የተወው ጭረት በመብራት ስር ይባስ ይታያል፣ ገዢም ወዲያው ይለየዋል። ይህንን የትኛውም መብራት አያስተካክለውም። ስታነሱትም በጠርዙ ያዙት።

ቀለሙ ሌላ ሆነ

አንዱ ጎን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ከሆነ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ተደባልቋል። አንዱን ምረጡ። አረንጓዴ ወይም ቀይ ከመጣ ግድግዳችሁን ወይም ሸሚዛችሁን እዩ። የክረምቱ የጅማ ደመና በመስኮት የሚሰጠው ብርሃን ለስላሳና ጥሩ ነው፤ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የሳንቲሙን ሁለት ገጽ አከታትላችሁ አንሱ።

ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር

ምክንያቱ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ እንዲህ ያለው አምፖል በየዙሩ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ካልጠፋ አምፖሉን ቀይሩ። ስትገዙ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስበሩትና የስልክ ካሜራ አዙሩበት። ስክሪኑ ላይ መስመር ከተንቀሳቀሰ ሻጩ የፈለገውን ቢል አትውሰዱት።

የጠገራው ጠርዝ ጽሑፍ አይታይም

ሳንቲሙን አቁሙና ከአንድ ጎን ብቻ አብሩበት።

እንደ አዲስ የሚያንጸባርቅ ሳንቲም ፊቱ ጠቆረ

ብርሃኑ በሌንሱ አቅጣጫ መውረድ አለበት። በሌንሱና በሳንቲሙ መሃል ንጹህ የመስኮት መስታወት (መልክ ማያ አይደለም) በ45 ዲግሪ አጋድሙ፤ ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ በፕላስተር ሸፍኑት። መብራቱን ከጎን ወደ መስታወቱ አብሩ። ብርሃኑ በቀጥታ ሳንቲሙን እንዳይመታው በመሃል ጥቁር ካርቶን አቁሙ።