ለማታ ካያክ የሚታመን ባትሪ አመራረጥ፦ ከፒያሳ ሱቅ እስከ ባቦጋያ

ፒያሳም ሆነ መርካቶ ባትሪ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብተው "ውሃ የማያስገባ አለ?" ብለው ቢጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ "ኦሪጅናል ነው፣ ምንም አይለውም።" ሻጩ አልዋሸ ይሆናል፤ እሱ የሚያስበው ዝናብን ነው። ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ላይ ያለ ባትሪ ግን ከመቅዘፊያው የሚወርድ ውሃ ሲንጠባጠብበት ያመሻል፣ ካያኩ ከተገለበጠ ደግሞ ጭራሽ ይጠልቃል። ስለዚህ የሚገዙት በሻጩ ቃል ሳይሆን ቤትዎ በባልዲ ውሃ ፈትነው ነው። አፈታተኑን ከታች በዝርዝር ጽፈነዋል።

ግራ እንዳያጋባ፦ እዚህ "ባትሪ" የምንለው መብራቱን ነው፤ ውስጡ የሚገባውን "ድንጋይ" እንላለን።

ከመሀል አዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ቅርቡ የመቅዘፊያ ቦታ ባቦጋያ ሐይቅ ያለበት ቢሾፍቱ ነው፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ብሎ ትጠልቃለች፤ በእኛ አገር ደግሞ ከጠለቀች በኋላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጨለማው ይወርዳል። "ገና ብርሃን አለ" ብሎ የገባ ሰው መሀል ሐይቅ ላይ ይመሽበታል። ለጀንበር መጥለቂያ ብቻ የሚገቡም ከሆነ መብራቱን ይያዙ። ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጣና ላይ ግን በጨለማ አይቅዘፉ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ በዳር በኩል ይወጣል፣ በዚያው ይመለሳል፤ መንገዱ ላይ ለተገኘ ካያክ የትኛውም ባትሪ አይደርስለትም።

ስንት መብራት፣ የት?

ለአንድ ሰው ሦስት። አንደኛው ከጀርባ ከፍ ብሎ የሚቆም፣ ዙሪያውን የሚታይ ነጭ መብራት ነው። ሁለተኛው የግንባር ባትሪ ነው። ሦስተኛው ላይፍ ጃኬቱ ትከሻ ላይ የሚታሰር ትንሽ መጠባበቂያ ነው። ሦስቱ በአንድ ድንጋይ ወይም በአንድ ፓወርባንክ እንዳይንጠለጠሉ፤ አንዱ ሲሞት ሌሎቹን ይዞ መሄድ የለበትም። ስልክ አይቆጠርም፤ ስክሪኑ ሲረጥብ ለጣት አይታዘዝም።

ከሦስቱ ዋናው የጀርባው ነው፤ ሌሎች እርስዎን የሚያዩበት እሱ ነውና። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ በመቅዘፊያ ለሚሄድ ጀልባ ቢያንስ ነጭ መብራት በእጅ ይዞ ግጭት ሳይደርስ በጊዜ ማሳየትን ይጠይቃል። ደንቡ የተጻፈው ለባሕር ነው፤ ልኩ ግን ሞተር ጀልባ ለሚዞርበት ሐይቅም ይሠራል። በዚያው ደንብ ቀይ የጀልባ ግራ ጎን፣ አረንጓዴ የቀኝ ጎን ምልክት ነው። የግንባር ባትሪዎ ቀይ ብርሃን ካለው ጭንዎ ላይ ያለ ዕቃ ለማየት ይጠቀሙበት፤ ጨለማ የለመደ ዓይን ነጭ ብርሃን ካየ እንደገና ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ወደ ውጭ አቅጣጫ ግን ቀይ አያብሩ፤ ከሩቅ የሚመጣው ሰው የጀልባ ግራ ጎን ያየ ይመስለዋል። ብልጭ ድርግም የሚለውንም ለእርዳታ ጥሪ ብቻ ያቆዩት። ለወትሮው ካበሩት ርቀትዎን መገመት ያስቸግራል፤ የጭንቅ ዕለት ደግሞ ማንም አያስተውልዎትም።

ሌላም አለ። ባቦጋያ ዳር የማረፊያዎቹ መብራት ተደርድሯል። ከእነሱ ፊት ለፊት የሚንሳፈፍ አንድ ነጭ ነጥብ ከዳሩ አምፖል አይለይም። የሚለየው እንቅስቃሴ ነው። በመቅዘፊያው ሁለት ጫፎች ላይ፣ በፊትም በጀርባም፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንጸባራቂ ቴፕ ይለጥፉ፤ የከባድ መኪና ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ይበቃል። የጀልባ መብራት ሲያርፍበት ቴፑ ከፍ ዝቅ እያለ ያበራል፣ ያን የሚያደርግ አምፖል ዳር ላይ የለም። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ይህ ነው፤ እባክዎ አይዝለሉት።

ሱቅ ውስጥ

ካርቶኑ ላይ ከአይፒ (IP) ወይም ከአይፒኤክስ (IPX) ቀጥሎ ያለውን የመጨረሻ ቁጥር ይዩ፤ የውሃ መከላከያ ደረጃው እሱ ነው። 4 ለፍንጣቂ ውሃ ብቻ ነው። 7 ማለት አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ውሃ አያስገባም ማለት ነው፤ 8 ከዚያ የጠነከረ ሲሆን ጥልቀቱን የሚገልጸው አምራቹ ነው። ለካያክ ከ7 በታች አይውሰዱ። ቁጥር የሌለው "ውሃ የማያስገባ" የሚል ጽሑፍ ምንም አይነግርዎትም።

ሉመኑን፣ የብርሃኑን መጠን መለኪያ፣ በሂሳብ ይፈትኑት። 18650 የሚባለው ድንጋይ (ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር) ጥሩ ከሆነ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ይህም 12.6 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ደህና ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል። ስለዚህ 1,000 ሉመን 10 ዋት ይበላል፣ ድንጋዩም ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አያልፍም። በአንድ ድንጋይ "10,000 ሉመን ለ10 ሰዓት" የሚል ካርቶን ካዩ፣ የተጻፈው እውነት እንዲሆን 80 ድንጋይ ያስፈልገዋል። ካርቶኑ ላይ እንዲህ የዋሸ አምራች የውሃ መከላከያውን ቁጥርም እንደ ልቡ ጽፎታል ብለው ይገምቱ። ደግሞም ይህ ሁሉ ብርሃን አያስፈልግዎትም። ለጀርባው መብራት ከ20 እስከ 50 ሉመን ይበቃል፣ ሌሊቱንም ሙሉ ይዘልቃል። ለግንባሩ 200 ሉመን በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጉም ውስጥ ፊትዎ ላይ ነጭ ግድግዳ ይሠራል።

ድንጋዩን ይመዝኑት። እውነተኛ 18650 ከ44 እስከ 48 ግራም ይመዝናል። 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ 30 ግራም አካባቢ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ግራም የሚለይ የማዕድ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ ከሌለዎት ወርቅ ቤት አይጠፋም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ድንጋይ ርካሽ ቢሆንም ለሐይቅ አይሆንም፤ አቅሙ ምን ያህል እንደቀረ አይታወቅም፣ ሲሞቅም አደገኛ ነው። በሦስት ትንንሽ ድንጋይ የሚሠራ የግንባር ባትሪ ከገዙ አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ። ደካማው ቀድሞ ያልቃል፣ ብርቱዎቹ በግድ ጅረት ሲያሳልፉበት ይፈሳል፤ ማገናኛ ሽቦውን የሚበላው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ከዚያ ነው የሚመጣው።

ከመክፈልዎ በፊት ክዳኑን ይፍቱ። ጥርሱ ግርጌ ጥቁር የላስቲክ ቀለበት፣ ኦሪንግ፣ መኖር አለበት፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። በጣትዎ ዙሪያውን ይዳብሱት፤ ጠፍጣፋ ቦታ ወይም ስንጥቅ ካለው ይተዉት። የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው የላስቲክ ክዳኑ በራሱ የሚከፈት አለመሆኑን ይዩ። ብዙ ባትሪ ውሃ የሚያስገባው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ ድንጋዩ ወጥቶ ለብቻው ቻርጅ የሚደረገውን የምንመርጠው ለዚህ ነው። ማብሪያውንም አይርሱ። ለስለስ ያለ ከሆነ ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ በርቶ ይቆያል፣ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ባዶ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ፈተና

መጀመሪያ ድንጋዩን አውጥተው በቦታው ደረቅ ሶፍት ይጠቅጥቁ። ክዳኑን አጥብቀው ባልዲ ውሃ ግርጌ ያስቀምጡት፤ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጫኑበት፣ የመንገድ ድንጋዩን ማለታችን ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላ አውጥተው ውጩን በደንብ ያድርቁና ይክፈቱ። ሶፍቱ ላይ ጠብታ የምታህል እርጥበት ካለች ይመልሱት። እርጥበቱ የት ጋ እንደሆነ ያስተውሉ፤ በጥርሱ በኩል ከሆነ ኦሪንጉ ነው፣ በመስታወቱ በኩል ከሆነ መፍትሔ የለውም።

ሁለተኛው ፈተና ብዙ ሰው የማያደርገው ነው፣ ብዙ ባትሪም የሚወድቀው እዚህ ነው። ድንጋዩን መልሰው በከፍተኛው ብርሃን 10 ደቂቃ ያብሩት፤ አካሉ ሲሞቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ውስጡ ያለው ሞቃት አየር ድንገት ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንስና ባትሪው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈ ባትሪ በዚህኛው መስታወቱ በጉም ሲሸፈን ይታያል። ሐይቅ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ሲበራ ቆይቶ ነው ውሃ ውስጥ የሚወድቀው።

ሦስተኛው የጊዜ ፈተና ነው። ሐይቅ ላይ በሚጠቀሙበት የብርሃን መጠን አብርተው ጨለማ ክፍል ውስጥ ወደ ግድግዳ ያዙሩት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይዩት። አምራቾች በካርቶን ላይ የሚጽፉት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ነው፤ እርስዎ ግን "ይህ አይበቃኝም" ያሉበትን ሰዓት ይጻፉ። ውሃ ላይ ለመቆየት ካሰቡት ጊዜ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት።

አሠራሩ

የኪራይ ካያክ አብዛኛው ሸካራ ፕላስቲክ ስለሆነ በመምጠጫ ላስቲክ የሚጣበቅ መብራት አይይዝም፣ መብሳትም አይቻልም። አንድ ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን 20 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበትን፣ ይግዙ። ከመቀመጫው ጀርባ ከመደገፊያው ማሰሪያና ከኋላው መያዣ ጋር ሁለት ቦታ ያስሩት፤ አንድ ቦታ ብቻ ከታሰረ በእያንዳንዱ ቀዘፋ ይወዛወዛል። መብራቱ ሲቀመጡ ከራስዎ በላይ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ራስዎ ከፊት ይከልለዋል። ከመብራቱ ሥር ከጥቁር ፕላስቲክ የተቆረጠ፣ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያስገቡ። ብርሃኑ የካያኩ ገላ ላይ አርፎ ዓይንዎን እንዳያጭበረብር ይከላከላል፤ ያለዚህ ክብ ከፊትዎ ካለው የካያኩ አፍንጫ ወዲያ ምንም አያዩም።

የመጠባበቂያውን ገመድ ላይፍ ጃኬቱ ላይ ያስሩት፣ አንገትዎ ላይ በጭራሽ። በአንድ እጅ፣ ዓይን ጨፍነው፣ አብርተው ይሞክሩት።

በዕለቱ

መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ድንጋዮቹን ከሁለት ቀን በፊት ቻርጅ ያድርጉ። በቴስተር ሲለኩ ከቻርጀር እንደወጣ 4.2 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። ለጉዞ ክዳኑን ሩብ ዙር ያላሉት፣ ቦርሳ ውስጥ እንዳይበራ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አንድ ነገር ያድርጉ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ። አዲስ አበባ ላይ ተጠብቆ የተከደነ ባትሪ የያዘው አየር ቢሾፍቱ ካለው የቀጠነ ነው፤ ልዩነቱ 45 ሳንቲ ሜትር ውሃ የሚጫነውን ያህል ወደ ውስጥ ይገፋል። ላንጋኖ ከወረዱ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የማብሪያው ላስቲክ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ካዩት ምክንያቱ ይኸው ነው። እጅዎ ደረቅ ሳለ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ፈተው፣ ጥርሱ ላይ አሸዋ አለመኖሩን አይተው፣ እንደገና አጥብቀው ይክደኑ።

ሲመለሱ ባትሪውን ሳይከፍቱ በንጹሕ ውሃ ይለቅልቁት፤ የላንጋኖ ደለል በተለይ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ኦሪንጉን ይፍቀዋል። ከደረቀ በኋላ ድንጋዩን አውጥተው ክዳኑን ለአንድ ሌሊት ክፍት ይተዉት። ጥቁሩን ኦሪንግ ጠርገው የሩዝ ፍሬ በምታህል ሲሊኮን ግሪስ ያብሱት፤ ከበዛ አሸዋ ይሰበስባል።