ጠላን ከጋን ወደ ጠርሙስ መገልበጥ

ጉሹን አትንኩት፤ ገና እየፈላ ነው። ጆሯችሁን ወደ ጋኑ አፍ ብታስጠጉ ሲንሿሿ ትሰሙታላችሁ። ድምፁ እስኪሰክን፣ አተላው ዘቅጦ ላዩ እስኪጠራ ታገሡ።

ጋኑን ከፍ ካለ ቦታ የምታስቀምጡት ከመቅዳታችሁ አንድ ቀን በፊት ነው፤ በዕለቱ ከተነቀነቀ ይደፈርሳል።

በጣሳ እየቀዱ ማንቆርቆርን አጥብቄ እቃወማለሁ። አየር የገባበት ጠላ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ያን ሁሉ የጌሾና የብቅል ድካም በአንድ ማንቆርቆር ማበላሸት ያሳዝናል። የታጠበ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሙሉና ሁለቱንም ጫፍ በጣት ድፈኑ። አንዱን ጫፍ ከአተላው አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጠላው ውስጥ ክተቱ፤ ሌላውን ከጋኑ በታች ዝቅ አድርጋችሁ ልቀቁት። በአፍ አትሳቡ። መጀመሪያ የሚወርደውን ውኃ ከደፋችሁ በኋላ ቱቦው የጠርሙሱን ሥር ይንካ፤ ጠላው ሳያረፋ ከታች ወደ ላይ ይሞላል። ሁለት ጣት ጎደሎ ተዉለት።

ጠርሙሱ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ይሁን። ጠላ ከተከደነም በኋላ መፍላቱን አይተውም፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ የመስታወት ጠርሙስ ሊፈነዳና ሰው ሊጎዳ ይችላል። ፕላስቲኩን ግን ጨበጥ ብታደርጉት ሁኔታውን ታውቃላችሁ፤ ከጠጠረ ክዳኑን በቀስታ አላልታችሁ አስተንፍሱት። ስኳር ጨምሩ የሚሏችሁን አትስሙ፤ ግፊቱን ያብሰዋል።

ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠጡት። የቀረው አተላ ውኃ ተጨምሮበት ቅራሪ ይወጣዋል።