በአንድ ሪቨርብ ሙሉ ሚክስ፦ ሴንድና በስ በሪፐር

ለገጣፎም ይሁን ሰበታ፣ ቤቱ ውስጥ በአሮጌ ላፕቶፕ፣ በሪፐር (የድምፅ መቅጃና ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ሙዚቃ የሚሠራ ሰው በየትራኩ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት የሚሰጥ ኢፌክት) ከጫነ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። አንድ ሪቨርብ ከፍቶ ድምፃዊውን፣ ክራሩንና ማሲንቆውን ወደዚያው መላክ (ሴንድ ማድረግ) ይሻላል፤ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ የተጫወቱ ይመስላሉ።

ኮንትሮልና ቲን ተጭነው አዲስ ትራክ ይክፈቱ፣ «ሪቨርብ» ብለው ይሰይሙት፣ ከሪፐር ጋር የሚመጣውን ሪቨርቤት (ReaVerbate) ይጫኑበት። ዌቱን (የሪቨርቡን ድምፅ) 0 ዲሲቤል ላይ ያድርጉ፤ ድራዩን (ያልተነካውን ድምፅ) እስከ መጨረሻው ያውርዱት። ካላወረዱት ሴንዱን በጨመሩ ቁጥር ራሱ ድምፃዊውም አብሮ ይጎላል። ከዚያ የድምፃዊውን ራውት ቁልፍ ይዘው ወደ ሪቨርቡ ትራክ ይጎትቱ። የሴንዱን መጠን ከ−15 ዲሲቤል ገደማ ይጀምሩና ቀሪውን ለጆሮዎ ይተዉት። ከሪቨርቡ በፊት ኢኪው (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) አስገብተው ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ፤ በተለይ ከበሮ ከላኩበት ሚክሱ ይደፈርሳል።

ሴንዱ ፖስት ፌደር (ከፌደሩ፣ ማለትም ከትራኩ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ፣ በኋላ የሚወጣ) ይሁን። ፕሪ ፌደር (ከፌደሩ በፊት የሚወጣ) ከሆነ ድምፃዊውን ዝቅ ሲያደርጉት ሪቨርቡ ባለበት ይቀራል። በቀረጻ ጊዜ ለዘፋኙ ጆሮ ማዳመጫ ግን የሚፈለገው ይኸው ነው።

በስ (ብዙ ትራኮች የሚላኩበት አንድ የጋራ ትራክ) ለሌላ ሥራ ነው፦ ለምሳሌ የተቀባይ ድምፃውያኑን ትራኮች ሰብስቦ በአንድ ፌደርና በአንድ ኮምፕረሰር (የጎላውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ኢፌክት) መያዝ። እዚህ የሚረሳው የየትራኩን ማስተር ሴንድ (ድምፁን በቀጥታ ወደ ዋናው መውጫ፣ ወደ ማስተር፣ የሚልከውን) ማጥፋት ነው። ካልጠፋ ድምፁ በሁለት መንገድ ማስተር ይደርስና እስከ 6 ዲሲቤል ይጨምራል፤ ኮምፕረሰሩም ግማሽ ሥራ የሠራ ይመስላል። ትራኮቹን በሪፐር ፎልደር ትራክ ውስጥ ካስገቡ ይህ ጣጣ የለም። መብራት ሳይቀድምዎት ግን ሴቭ ያድርጉ።