ፊውዝ ቶሎ ቶሎ የሚበላ ዕቃ ስንጠግን የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ባለ 32 ኢንች ቲቪያቸውን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ልጄ፣ ፊውዝ በተቀየረለት ቁጥር ያቃጥላል። የሰፈር ልጅ ሠራልኝና አንዴ ስሰካው ጨሰ» አሉኝ። ክዳኑን ከፈትኩት። በፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። መብራት የሚገባበት የቦርዱ ጥግ ከስሏል፣ መስመሮቹ ተልጠው ተነስተዋል። መጀመሪያ የተበላሸችው ግን ቫሪስተር የምትባለው ሰማያዊ ክብ ነገር ብቻ ነበረች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ከገባ እሷ ሾርት ታደርግና ፊውዙን ታቃጥላለች፣ በዚህም የቀረው ቦርድ ይተርፋል። ፊውዙ ቢኖር ኖሮ ሥራው የአሥር ደቂቃ ነበር።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ በፊውዝ ቦታ ሽቦ አታስገቡ። የሲጋራ ብርም አትጠቅልሉ። 3.15 አምፔር የሚል ቦታ ላይ «ይሄኛው ጠንከር ይላል» ብላችሁ ባለ 10 አትክተቱ። ፊውዝ ጠንካራ እንዲሆን አይደለም የተሠራው፣ ቀድሞ እንዲቆረጥ ነው። እሱን ስታጠነክሩት የሚቃጠለው ቀጥሎ ያለው ነገር ነው፣ ከቦርዱ ካለፈ ደግሞ መጋረጃው ነው፣ ቲቪው ተሰክቶ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ነው። ይህን የማየው አንድ ጊዜ ቢሆን ዝም እል ነበር፣ ግን ሁሌ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚያደርገው ሙያውን እየተማረ ያለ ጎበዝ ልጅ ነው።

ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ፊደሉም መመሳሰል አለበት። ቲ የሚለው የላቲን ፊደል ያለበት ዘግይቶ የሚቆረጥ ነው፣ ኤፍ ያለበት ደግሞ ፈጣን። ቲ በሚፈልግ ቦታ ኤፍ ካስገባችሁ ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ገና ሲበራ ሊቆረጥባችሁ ይችላል፣ መብራት የሚያጠራቅመው ካፓሲተር መጀመሪያ ሲሞላ ብዙ ከረንት ይስባልና።

ሌላው ስህተት፣ ሳይለኩ ፊውዝ መቀያየር። «እስቲ አንዴ ልሞክር» እያሉ አምስት ፊውዝ የሚጨርሱ አሉ። የተቃጠለውን ከመጣላችሁ በፊት መስታወቱን እዩት። ውስጡ ጠቁሮ ወይም እንደ መስታወት ብር ቀብቶት ከሆነ ከባድ ሾርት አለ፣ ሌላ ፊውዝ አታባክኑ። ክሯ መሃል ላይ ብቻ በንጽህና ከተቆረጠች ጭነት በዝቶባት ወይም አርጅታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስፒናውን ነቅላችሁ በመልቲሜትር ቫሪስተሩን፣ ብሪጅ ዳዮዱን (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን)፣ ዋናውን ካፓሲተርና ሞስፌቱን (ኃይሉን ቶሎ ቶሎ የሚያበራና የሚያጠፋውን ትራንዚስተር) በተራ ለኩ።

ከመለካታችሁ በፊት ግን ካፓሲተሩን አራግፉ! የ220 ቮልት መብራት ዳዮዱን አልፎ እዚያ ሲጠራቀም ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፣ ዕቃው ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በስክሩድራይቨር አታጋጩት። ባለ 2 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በፒንሳ ይዛችሁ ለጥቂት ሰከንድ አስነኩትና ቮልቴጁ መውረዱን ለኩ።

አሁን የራሴን ልናገር። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ደንበኛ ሪሲቨር ሞስፌቱ ሾርት ሆኖ አገኘሁትና ቀየርኩ። ሲሰካ ጧ! አለ። ደግሜ ቀየርኩ፣ ደግሞ ጧ። ሦስተኛው ላይ ነው አጠገቡ ያለችውን ከ1 ኦም በታች የሆነች ትንሽ ሬዚስተር የለካሁት፤ ተቆርጣለች፣ ሞስፌቱን የሚያዘው አይሲም (ቺፑም) አብሮ ሞቷል። ሞስፌት ብቻውን እምብዛም አይሞትም። ዙሪያውን ሳትለኩ አዲስ አትበይዱ።

የፈነዱብኝን ሞስፌቶች ሊያድንልኝ ይችል የነበረው የድሮው ባለ ክር አምፖል ነው። ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት አምፖል ከዕቃው ጋር በሲሪየስ አገናኙ፣ ማለትም መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ ዕቃው ይግባ። ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል እንጂ ምንም አይፈነዳም። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ትልቅ አምፕሊፋየር ወይም ቲቪ ሙሉ ኃይሉን ሲስብ አምፖሉ ቢደምቅ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ ድምጹን ቀንሳችሁ ወይም ስታንድባይ ላይ አድርጋችሁ እዩ።

አምፕሊፋየር ላይ ትራንዚስተር ስትቀይሩ ሙቀት ከሚያወጣው ብረት (ከሂትሲንኩ) የሚለየውን ስስ ማይካ አትርሱ።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም፣ ፊውዙ የተቃጠለውም ለዚሁ ሊሆን ይችላል።

ማይክሮዌቭ ደግሞ በር ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ፊውዝ የሚያቃጥል ከሆነ የበሩን ስዊቾች ጠርጥሩ። አንዷ ሌሎቹ ካልሠሩ ሆን ብላ ፊውዙን እንድታቃጥል የተቀመጠች ናት፣ እሷን ቆርጣችሁ አትጣሉ። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ማይክሮዌቭ ጭራሽ አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር 2000 ቮልትና ከዚያ በላይ ይይዛል፣ እሱ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።