ቅቤ ውስጥ ዲዲቲ ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች

ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ስብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ በቀላሉም አይወጣም። ስለዚህ ቅቤ ተመርምሮ «ምንም የለም» ከተባለ፣ ቅቤውን ከማመስገን በፊት አሠራሩን መጠርጠር ይሻላል።

ናሙናን በፌስታል መቀበል። ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ቅቤ በድሬዳዋ ሙቀት ላቦራቶሪ ሳይደርስ ይቀልጣል፤ ፕላስቲክ የሚያለሰልሱት ፍታሌቶችም ወደ ስቡ ይገባሉ። በኢሲዲ (በጋዝ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ መመርመሪያ) ሲነበብ ፀረ ተባይ መስለው ይወጣሉ። በአሴቶንና በሄክሴን የታጠበ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ሥር አልሙኒየም ፎይል፣ በረዶ ያለው ሳጥን ይዘው ይሂዱ። ቀልጦ የረጋ ቅቤ ስቡና አሬራው ስለሚለያይ ከላይ ቆርሶ መመዘን አይሆንም። ሙሉውን 40 ዲግሪ ላይ አቅልጠው፣ አማስለው ይመዝኑ።

የቲማቲሙን ዘዴ ለቅቤ መገልበጥ። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ለቲማቲምና ለመሰል አትክልት የተለመደው ኩቸርስ የተባለው የማውጫ ዘዴ 10 ግራም ናሙናን በ10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል ያወጣል። 10 ግራም ቅቤ ግን 8 ግራም ያህል ስብ አለው፤ አሴቶናይትራይል ስብን እምብዛም ስለማያሟሟ ዲዲቲው አብዛኛው ከስቡ ጋር ይቀራል። 1 ግራም የጠራ ስብ ወስዶ በሄክሴን ማሟሟት ይሻላል፤ ከዚያ ስቡን ማስወገድ ነው። በጥቅጥቅ ሰልፈሪክ አሲድ ማጠብ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ዲዲቲም ይቋቋመዋል። ዲኤልድሪንና ኤንድሪን የተባሉት ፀረ ተባዮች ግን ከስቡ ጋር አብረው ይጠፋሉ፤ እነሱንም የሚፈልግ ሰው በፍሎሪሲል (ማጣሪያ ዱቄት) ወይም በጂፒሲ (ሞለኪውሎችን በመጠናቸው የሚለይ ዓምድ) ያጥራ።

ከቅቤ ሌላ ቅባት ያለው ናሙና፣ የባቢሌ ለውዝ፣ በኩቸርስ ሲሠራ የራሱ ጣጣ አለው፦ ደረቅ ነው። ለ5 ግራም ዱቄት 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምረው ሩብ ሰዓት ሳያርሱ አሴቶናይትራይል አይጨምሩ። ውሃ የሚመጥጠው ጨው፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ እንደገባም ወዲያው ይናጥ፤ ከዘገየ ድንጋይ ይሆናል።

ዘዴውን ለመፈተን መጠኑ የታወቀ ዲዲቲን መጨረሻ ላይ መጨመር። ተጣርቶ ባለቀ ፈሳሽ ላይ ከተጨመረ 95 በመቶ ተመለሰ ይላል፤ በስቡ ውስጥ የቀረውን ግን አይነግርም። ከማውጣቱ በፊት ስቡ ላይ ይጨመር። ከ70 እስከ 120 በመቶ ከተመለሰ ጥሩ።

በቆሸሸ ላይነር (ናሙናው በሚገባበት የመሣሪያው የመስታወት ቱቦ) መሥራት። ዲዲቲ እዚያው ተሰብሮ ዲዲዲና ዲዲኢ ይሆናል፤ እነዚህ ዲዲቲ ሲያረጅም የሚለወጥባቸው ስለሆኑ ትናንት የተረጨው የድሮ ቅሪት ይመስላል። ንጹሕ ዲዲቲ ብቻ ያስገቡ፤ ከ15 በመቶ በላይ ከተሰበረ ላይነሩ ይቀየር።

ውጤቱ በስብ ይሁን በሙሉ ወተት አለመጻፍ። የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ወሰን ለወተት 0.02 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ ወተቱ 4 በመቶ ስብ ካለው በስብ ሲሰላ 0.5 ይሆናል። አንዲት ቃል ስትቀር ልዩነቱ 25 እጥፍ።